ለፊታውራሪ ዳገት የወጣው ጭሰኛ

ፊታውራሪ አጥናፍሰገድ ጾሙን የንስሐ አባታቸው የሚጾሙላቸው፣ ሙግቱን ነገረ ፈጅ የሚሟገትላቸው ጌታ ነበሩ። ውፍረቱ በዝቶ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሐኪሙ፣ «ጮማ ይተዉ፤ ጠዋት ጠዋት ዳገት ይውጡ» አላቸው። ጮማውን አልተዉም፤ ዳገቱን ግን ለአንድ ጭሰኛቸው ሰጡት። ምስኪኑ እርሻውን አረም እየበላው፣ በየማለዳው ለጌታው ጤና ዳገት ሲወጣ ከረመ። እሳቸው ግን ጭራሽ ባሰባቸው።

አንድ ቀን አስጠሩት።

«አንተ ሌባ! ሂድልኝ ብልህ ለራስህ ሄድክ! ይኸው አንተ ሚዳቋ መስለሃል፣ እኔ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። ጤናዬን የት አደረስከው? ተናገር፣ አለዚያ ትገረፋለህ!»

ጭሰኛው የተሰቀለውን ጅራፍ ሰረቅ አድርጎ አየና እጅ ነሣ።

«ኧረ እኔስ ለእርስዎ ነው የሄድኩት፣ ጌታዬ። ግን እርስዎስ ይህን ሁሉ ዘመን የእኔን እህል ሲበሉልኝ ኖረው፣ እኔ መቼ ጠገብኩ?»