እንደ ጽዋ ያስረከብነው ቁልፍ

በእኛ ከተማ ሰው የራሱን ጉዳይ ለሌላ ጥሎ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ የምንለው አባባል አለ። ልጆቼ ከጥንት የወረደ ይመስላቸዋል። የተባለበትን ቀን ግን እኔ አውቀዋለሁ፤ እዚያው ነበርኩ፤ ጥፋቱም ውስጥ አለሁበት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የመጨረሻ ልጄ ስንዱ ስምንተኛ ክፍል የገባች ዓመት ነው። ትምህርት ቤታችን በፈተና ውጤት ከወረዳው መጨረሻ ከሆነ ሦስት ዓመቱ። ወረዳው ሲጨንቀው ከውጭ ከመጣ አንድ ድርጅት ጋር ተዋዋለ፤ ድርጅቱ መጽሐፍ ያመጣል፣ አስተማሪዎቹን ያሠለጥናል፣ ትምህርቱን ይመራል። በዓመቱ መጨረሻ ውጤቱ ካልተሻሻለ ግን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ይዘጋል ተባለ። ስንዱ ከወደቀች ደግማ የምትማረው ወንዝ ማዶ ነው፣ ሁለት ሰዓት በእግር። ያ ወንዝ ደግሞ ሲሞላ ሰው ይወስዳል።

ድርጅቱ የላካት ኃላፊ ህሊና የምትባል ቀጭን፣ ረጋ ያለች ልጅ ነበረች። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጥላዬ ሕዝብ ሰብስቦ የትምህርት ቤቱን ቁልፍ በሁለት እጁ አስረከባት። እልል አልን። እንግዲህ እኛ የምናውቀው ርክክብ የማኅበር ጽዋ ነው። ጽዋውን የተረከበ እሱ ይደግሳል፤ ሌላው ነጠላውን አጣፍቶ ሄዶ ይቀመጣል። ቁልፉንም እንደዚያው አየነው።

ድሮ ሐሙስ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን ስለሆነ፣ እናቶች ተራ ገብተን ገበያው መግቢያ ላይ እንቆም ነበር። ከትምህርት የቀረ ልጅ ስናይ ዕቃውን ተቀብለን ወደ ክፍሉ እንመልሰዋለን። ቁልፉ ከተሰጠ ወዲህ ያ ተራ ቀረ። “አሁንማ ባለተራዎቹ እነሱ ናቸው” ተባባልን። እኔ ራሴ ስንዱን ሐሙስ ሐሙስ ሽንኩርት እንድትሸጥልኝ ማስቀረት ጀመርኩ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ተገኝተውልን አንድ ቀን ብትቀር ምን ትሆናለች፣ አልኩ።

የግማሽ ዓመቱ ፈተና ሲመጣ ልጆቹ ከአምናውም ብሰው ወደቁ። ስንዱም በሒሳብ ወደቀች። ተጠርተን ተሰበሰብን።

አቶ ጥላዬ ተነሣ። “እንግዲህ እህቴ፣ ቁልፉን አስረክበንሽ ነበር። ታዲያ ምን ሠራችሁ?”

“ቁልፉን ሰጥታችሁኛል፣ ጋሼ” አለች ህሊና። “ልጆቹን ግን ሐሙስ ሐሙስ የማገኛቸው ገበያ ነው። ያን ቀን ከስልሳ ልጅ አሥራ አራቱን ይዘን ነው የምናስተምረው።”

“ሄደሽ አትመልሻቸውም?”

“ሄጄ ነበር። ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ።” ወደ እኔ ዞር አለች። “ከእትዬ አስካለ ልጅ ነው የገዛሁት። ሒሳብ የወደቀችው ልጅ መልሴን ስትሰጠኝ አንድ ብር አልተሳሳተችም።”

ሰው ሳቀ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ይሄኔ እማማ ትብለጥ ከጥግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የከተማው አዋላጅ ነበሩ፤ እዚያ ከተቀመጠው ሰው ግማሹን ወደዚህ ዓለም የተቀበሉት እሳቸው ናቸው።

“ጥላዬ” አሉ።

“አቤት፣ እማማ።”

“አንተን ያዋለድኩህ እኔ ነኝ። እናትህን ሁለት ቀን አስጨንቀሃታል።”

“ሲሉ እሰማለሁ።”

“እናትህ ‘ትብለጥ መጥታልኛለች፣ እንግዲህ እኔ ልተኛ’ ብላ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ማን ሆነህ ነው እዚህ ቆመህ ይቺን ልጅ የምትጠይቃት?”

ጥላዬ ተቀመጠ።

የሚቀጥለው ሐሙስ ገበያው መግቢያ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ የመለስኩት የራሴን ልጅ ነው፤ ሽንኩርቱን ተቀበልኳትና እየተነጫነጨች ሄደች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሐሙስ ጥላዬ፣ የሴት ተራ ነው ሳይል፣ ባርኔጣውን አድርጎ ቆመ። እነ ህሊናም ልጆቹን ያመለጣቸውን ትምህርት ቅዳሜ ቅዳሜ አካካሱላቸው።

ክረምት ሊገባ ሲል ውጤት ተለጠፈ። ሁሉም አለፈ አልልም፤ ከግማሽ በላይ ግን አለፈ፣ ክፍሎቹም አልተዘጉም። ስንዱ በሒሳብ ለጥቂት አለፈች፤ ስሙ ይመስገን። ህሊናን አቅፌ “አንቺ ነሽ ያወጣሽን፣ አንቺ ነሽ” እያልኩ ምርቃቱን አወረድኩት።

እማማ ትብለጥ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ፊደል ሳይለዩ፣ የተለጠፈውን ወረቀት እያዩ ነበር።

“መርቂያት፣ ይገባታል” አሉኝ ዘወር ሳይሉ፤ “ግን ልጄ፣ አዋላጅ ቢበዛ ምጡ የእናት ነው።”