ወደ ኋላ የማያይ ጦር

ተረት ተረት፣ የፍየል በረት!

ጅብ ፍየሎችን በፈጀበት ዘመን የመንጋው ወጠጤ ጦር አቋቋመ። "የመጣውን ሁሉ አሰልፉ፤ ዞሮ ያየ ከሃዲ ነው!" ብሎ አዋጅ አስነገረ። ሰልፉም በየማለዳው እየረዘመ ሄደ።

አንድ ማለዳ፣ ከሰልፉ መጨረሻ የቆመችውን ፈሪዋን ቦቃ ፍየል ትኩስ ትንፋሽ ማጅራቷን ገረፋት። መዞር ግን ክልክል ነው።

"ጌታዬ፣ ከኋላዬ ጥንብ ጥንብ ይሸተኛል" አለች።

"የጦር ሜዳ ሽታ ነው፣ ትለምጂዋለሽ!" አላት ወጠጤው ከፊት ሆኖ። "በሉ ቁጠሩ!"

ቁጥሩ ከፊት ተነስቶ እሷ ጋ ደረሰ። "ሃምሳ!" አለች።

ከኋላዋ አንዱ ምራቁን ዋጠና በጎርናና ድምፅ፣ "ሃምሳ አንድ!" አለ።

"እሰይ!" አለ ወጠጤው፣ ሳይዞር። "ዛሬም አደግን!"