መስመር የሌለባት ኩባያ

ነሐሴ 12 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ሰው እርጥብ ሣር ላይ ተንበርክኮ ነበር። የሚጸልይ እንዳይመስላችሁ። ከአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ሥር፣ በግልጽ የፕላስቲክ ኩባያ ነዳጅ እየቀዳ ነበር።

ቦታው ከኦሞ ወንዝ ማዶ፣ አንድ ክሊኒክና አንድ የሣር ማረፊያ ያለው መንደር ነው። ከሰውየው አጠገብ አሰለፈች የምትባል ሴት በቃሬዛ ተኝታለች። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ልጁ አግድም ሆኖባታል። ቀዶ ሕክምና ካላገኘች እርሷም ልጇም አይተርፉም፤ ሐኪሙ ያለው ደግሞ ከተራሮቹ ወዲያ፣ አርባ ምንጭ ነው። መንገዱን ክረምቱ ቆርጦታል። ያለችው ያቺው አውሮፕላን ብቻ ናት።

እስቲ ንገሩኝ፣ በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው ይንበረከካል? ተነሥቶ ይበራል እንጂ!

ያ ሰው ግን ተንበረከከ። ስሙ ሶርሳ ነው፤ የአውሮፕላኗ አብራሪ። የእናቴ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከቀበርነው ገና ዓመት አልሞላውም፤ ስለ እርሱ ስናገር ድምፄ ቢሰበር ታገሡኝ። የቆምኩት ግን ላለቅስለት አይደለም፤ ልኮራበት ነው። በክሊኒኩ እሠራ ስለነበር ያን ጠዋት የአሰለፈችን እጅ የያዝኩት እኔ ነኝ። የምነግራችሁ ያየሁትን ነው።

ውኃ ከቤንዚን ይከብዳል። ዝናብ ወደ ነዳጁ ከገባ በክንፉ ውስጥ ባለው ታንክ ግርጌ ይተኛል። ሞተር ውኃ ከጠጣ ይጠፋል፤ የሚጠፋውም ገና ከመሬት ተነሥቶ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ሲል ነው። ስለዚህ አብራሪ ከመነሣቱ በፊት ከታንኩ ግርጌ ጥቂት ቀድቶ ወደ ብርሃን ያነሣል። ውኃ ካለበት በውኃውና በቤንዚኑ መካከል ቀጭን መስመር ይታያል። ይህን የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ከብቦ ያያላ!

ወንድሜ ኩባያዋን ወደ ፀሐይ አነሣት። መስመር የለም። ጥርት ያለ ነው።

ጨነቀ የሚባለው የአሰለፈች ባል ዘሎ ቆመ። «ይኸው! መስመር የለውም! እንሂድ!»

ወንድሜ ኩባያዋን አሸተታት። ጣቱን ነከረና በአውራ ጣቱ አሸው። ከዚያ ደፋውና እንደገና ቀዳ። አሁንም ጥርት ያለ፣ አሁንም መስመር የለም።

«ሰውዬ፣ ሚስቴ እየሞተች አንተ ዕቃ ዕቃ ትጫወታለህ?» አለ ጨነቀ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ዳልቄም ጣልቃ ገቡ። «ልጄ ሶርሳ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጸልየናል። አንተ የምታምነው ጌታን ነው ወይስ ኩባያ?»

«ጋሽ ዳልቄ፣ እርስዎ ጸሎቱን አያቋርጡ፤ እኔም ኩባያዬን አልጥልም።»

ጨነቀ ክንዱን ሊይዘው ተጠጋ። ያን ጊዜ አሰለፈች ከቃሬዛው ላይ ጥርሷን ነክሳ ተናገረች። «አንተ ሰው፣ ዝም በል! የሚበረው እኮ እኔን ይዞ ነው። ቸኩሎ ከሚጥለኝ ቆይቶ ያድርሰኝ።»

ወንድሜ ሳቀ። በዚያ ሰዓት ሳቀ! ወደ ሌላኛው ክንፍ ሄደና ከዚያም ቀዳ። የዚያኛው ሰማያዊ ነው፤ የአውሮፕላን ቤንዚን ለመለያ ቀለም ተጨምሮበት ይመጣልና። ከሰማያዊው ጥቂት ወደ ጥርቱ ኩባያ ጠብ አደረገ። ወገኖቼ፣ ሰማያዊው ከላይ ተንሳፈፈ፤ መስመሩ ወጣ።

መስመር ያልነበረው ለምን ነበር? ንጹሕ ስለነበረ ነው? አይደለም። በኩባያዋ ያለው ሁሉ ውኃ ስለነበረ ነው! አንዲት የቤንዚን ጠብታ እንኳ አልነበረችበትም፤ ከምን ጋር ይለያይ?

ጨነቀ አየ። ወንድሜ ግን አልተቆጣውም። «ና፣ ጉልበትህን አሁን ስጠኝ» አለው። ውኃው ከየጥጉ ወደ ማፍሰሻው እንዲወርድ ጨነቀና ጋሽ ዳልቄ ክንፉን ይዘው ወዘወዙ። እርሱ ቀዳ፤ ደፋ፤ ቀዳ፤ ደፋ። ሰማያዊ ብቻ እስኪወጣ ድረስ ከጉልበቱ አልተነሣም። ሞተሩን አስነሥቶም መሬት ላይ ብዙ አቆየው። ከዚያ አሰለፈችን ይዞ በረረ። ሳይመሽ በሬዲዮ መልእክት መጣ፤ ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ ኩባያችሁን ስታነሡ ምን ታያላችሁ? «ቤቴ ሰላም ነው፣ ጭቅጭቅ የለም» ትላላችሁ። መልካም! ግን ጭቅጭቅ የጠፋው ፍቅር ስላለ ነው ወይስ አንዳችሁ መናገር ስለተወ? «ሕሊናዬ አይወቅሰኝም» ትላለህ አንተ ደግሞ። የማይወቅስህ ስለጸዳህ ነው ወይስ የሚወቅስ ሕሊና ውስጥህ ስላልቀረ ነው? ጥርት ማለት ብቻውን ምስክር አይሆንም። ውኃም ጥርት ያለ ነው!

እንግዲህ እውነተኛውን ጠብ አድርጉበት። ዛሬ ቤት ስትገባ ሚስትህን «ምን አስከፋሁሽ?» በላትና መልሷን ሳታቋርጥ ስማ። የእግዚአብሔርን ቃል ለጎረቤታችሁ ሳይሆን ለራሳችሁ አንብቡት። መስመሩ ሲወጣ አትደንግጡ፤ ድፉና እንደገና ቅዱ። አጠገባችሁ የቆመ ሰው ይጮህባችኋል፤ እምነት የላችሁም ይላችኋል። ይጩህ። ማመን ከመመርመር የሚያስጥል ቢሆን ኖሮ ወንድሜ ከሁላችን ያነሰ አማኝ በሆነ ነበር።

እርሱ ግን ከዚያ በኋላም፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ፣ በየማለዳው እየተንበረከከ በረረ። ባለፈው ኅዳር በስኳር በሽታ አረፈ፤ የሞተው በአልጋው ላይ ነው።