ወንጭፍ ይዘው የሚያዩት ወፍ

አንድ ጓንጉል የሚባል ገበሬ በጫካ ጥግ የዘይቱን ዛፎች ነበሩት። ድምፀ ጎርናና፣ ጭራው ረጅም የሆነ የጫካ ወፍ ግን ፍሬውን እየለቀመ መከራውን አሳየው። ጓንጉል ያለ ወንጭፍ ማሳው አይደርስም። ድምፁን ከሰማ ድንጋይ ይወነጭፋል፤ ወፉም ደም የመሰለ ክንፉን ዘርግቶ ይሰወራል።

የጓንጉል ልጅ ማንጠግቦሽ ለንብ አርቢው ለውብነህ ልጅ ታጭታለች። ሁለቱ አባቶች የሰርጉን ቀን ሊቆርጡ ሽማግሌ ፊት ተቀምጠው ሳለ ወፉ ከጫካው ጮኸ።

«ይሄ ቀይ ሌባ» አለ ጓንጉል።

«ምኑ ነው ቀዩ?» አለ ውብነህ። «ቀፎዬ ሥር ቁጭ ብዬ ስንት ዘመን ያየሁት ወፍ ነው። አረንጓዴ ነው።»

«በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ልታስክደኝ ነው?»

ነገር ነገርን አነሣ። በአገሩ ለዋሾ ቤት ልጅ አይሰጥም፤ ጓንጉል ሰርጉ ቀርቷል ብሎ ብድግ አለ።

ሽማግሌው ያዙት። «ለመሆኑ ወፉን ስታየው ምን ይሠራል?»

«ይሸሻል እንጂ ምን ይሠራል።»

«እንግዲያው ሽሽቱን ነው የምታውቀው። ነገ ወንጭፍህን ቤት ትተህ ሂድና ከዚያ በኋላ ሰርጉን አፍርስ።»

በማግስቱ እያጉረመረመ ሄዶ ከዛፉ ሥር ተቀመጠ። ብዙ ቆይቶ አንድ አረንጓዴ ወፍ በቅርንጫፉ ላይ እየሮጠ መጣና ፍሬ መልቀም ጀመረ። ጓንጉል ሌላ ወፍ መሰለው። ያ ጎርናና ድምፅ ሲወጣ ግን ደነገጠ። ወፉ ጠግቦ ሲነሣ፣ ታጥፎ የኖረው የክንፉ ቀይ ከአረንጓዴው ሥር ተገለጠ። ጓንጉል በራሱ ሳቀ፤ በውብነህም ደጅ አልፎ ይቅርታ ጠየቀ።

ማታ ሁልጊዜ ከአጥሩ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ቤቱም ጸጥ ይላል። «ልጄ ዝምተኛ ናት» እያለ ለሰው ሁሉ የሚያወራው ለዚህ ነው። የዚያን ቀን ግን በሐሳብ ተውጦ ድምፅ ሳያሰማ ደረሰ። ማንጠግቦሽ እየዘፈነች፣ እናቷም እየሳቀች ነበር። ያን ዘፈን ሰምቶት አያውቅም፤ ልጁም ልትዳር ነው።

ሲገባ ዘፈኑ ተቋረጠ።

«ቀጥዪ ልጄ» አለና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ወዲያው አልቀጠለችም። እሱም ከዛፉ ሥር እንደተማረው ዝም ብሎ ጠበቀ።

ሰውን አወቅሁት የምንለው ብዙ ጊዜ እኛን ሲያይ የሚሆነውን አይተን ነው። እርስዎ ወደ ቤት ሲገቡ የሚቋረጠው የማን ዘፈን ነው?