ይርገዱና አልመለስም ያለው ጎርፍ

ተረት አለኝ፤ የክረምት ስለሆነ እርጥብ ነው፤ ጨምቃችሁ ስሙት።

ከአንድ ተራራ ግርጌ እማማ ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ቢሻው ወገቡን ታሞ መደብ ላይ ተኝቷል። ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተና ጎርፍ ቤቷ ገባ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይኸኛው መሳቂያ ጊዜም አልሰጠ። ቀድታ ብትደፋ፣ ቀድታ ብትደፋ፣ መደቡ ሥር ደረሰ። የጭቃ መደብ ውሃ ከጠጣ ይናዳል፤ ቢሻው ደግሞ ተነስቶ መሸሽ አይችልም። ይርገዱ የፈለገችው ለባሏ ደረቅ መደብ ብቻ ነው።

«ጎርፍ ሆይ፣ ተመለስ» አለችው።

«የላከኝ ፈሰስ ነው፤ እሱን ጠይቂ» አላት።

ፈሰስ ማለት ገበሬ ውሃ እንዳይተኛበት በማሳው ላይ አግድም አርሶ የሚያወጣው ቦይ ነው። እስከ ድንበሩ ያደርሰዋል፤ ከድንበሩ ወዲያ ጎረቤት ይወቅበት።

«ፈሰስ ሆይ፣ ዙር» አለችው።

«ያረሰኝ ደምሌ ነው፤ እሱን ጠይቂ» አላት።

ወደ ደምሌ ወጣች። «ደምሌ ልጄ፣ ፈሰስህን አዙርልኝ። ፈሰስ ካልዞረ ጎርፍ አይመለስም፤ ጎርፍ ካልተመለሰ መደብ አይደርቅም፤ መደብ ካልደረቀ ቢሻው የት ይተኛል?»

«እማማ፣ ወድጄ መሰለዎ? ሙጨ ከላይ ይለቅብኛል። እሱ ያዙር፣ አዞራለሁ።»

ዳገቱ ያዳልጣል። እየቧጠጠች ሙጨ ዘንድ ደረሰች።

«ሙጨ ልጄ፣ ውሃህን አዙርልኝ። አንተ ካላዞርህ ደምሌ አያዞርም፤ ደምሌ ካላዞረ ፈሰስ አይዞርም፤ ፈሰስ ካልዞረ ጎርፍ አይመለስም፤ ጎርፍ ካልተመለሰ መደብ አይደርቅም፤ መደብ ካልደረቀ ቢሻው የት ይተኛል?»

«አያ ፈንቴ ከጫፍ ይለቅብኛል። እሱ ያዙር፣ አዞራለሁ» አለ ሙጨ፤ ከጎጆው እንኳ አልወጣም።

የሰው ሁሉ ጣት ወደ ላይ ነው። ደግነቱ ተራራ ጫፍ አለው።

«አያ ፈንቴ፣ ውሃህን አዙርልኝ። አንተ ካላዞርህ ሙጨ አያዞርም፤ ሙጨ ካላዞረ ደምሌ አያዞርም፤ ደምሌ ካላዞረ ፈሰስ አይዞርም፤ ፈሰስ ካልዞረ ጎርፍ አይመለስም፤ ጎርፍ ካልተመለሰ...» እዚህ ላይ ድምፅዋ አለቀ።

«ድሮ ወደ ገደሉ የሚያወርድ ቦይ ነበረን» አለ ፈንቴ። «ደለል ደፈነው። ደቦ ብጠራ ማን መጣ? ብቻዬን አልቆፍርም፣ ይርገዱ።»

ይርገዱ ከደጃፉ ዶማውን አነሳችና የተደፈነውን ቦይ መቆፈር ጀመረች። ዶማው እንደ ነገሩ ነው የሚነሳው።

«ተይ እንጂ። በደጁ አሮጊት አስቆፈረ ልባል?»

«ይበሉሃ» አለችና ቀጠለች።

ፈንቴ አፈረ፤ ዶማውን ተቀብሎ ቆፈረ። ፈንቴ ሲቆፍር ያየ ሙጨ አፈረ፤ አካፋ ይዞ ወጣ። ሙጨ ሲወጣ ያየ ደምሌ አፈረ፤ እሱም ወጣ። ቦይ ተከፈተ፣ ውሃው ወደ ገደል ወረደ። ፈንቴ በሙጨ አልለቀቀም፤ ሙጨ በደምሌ አልለቀቀም፤ የደምሌ ፈሰስ ጎደለ፤ ፈሰስ ሲጎድል ጎርፍ ተመለሰ፤ ጎርፍ ሲመለስ መደቡ ተረፈ።

ይርገዱ ቤቷ ገባች።

«ዝናቡ አባራ?» አላት ቢሻው።

«አላባራም።»

ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። «ነይ፣ እረፊ።»

«ቀሚሴ ርሷል፤ መደቡን አረጥበዋለሁ» አለችና ጭቃው ላይ ተቀመጠች፤ መደቡን ተደግፋ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።