ከበሮ ሠሪውና የልዋጭ ስፒከሮቹ

ደሴ ውስጥ አባት ልጁን ወይም አለቃ ሠራተኛውን አላፈናፍን ብሎ ሲይዝ ያየ ሰው አንዲት አባባል ወርወር ያደርጋል። የተወረወረችበትም ሰው ነገሩ ገብቶት አንገቱን ይደፋል። አባባሏን ብዙ ሰው ያውቃታል፤ ከማን ደጅ እንደወጣች የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። የወጣችው ከከበሮ ሠሪው ከአሰን ይመር ደጅ ነው።

አሰን አርባ ዓመት ሙሉ ቆዳ ሲወጥር የኖረ ሰው ነው። ለማኅሌቱም ለመንዙማውም የሚደለቀው የእሱ እጅ ሥራ ስለሆነ፣ ያለ እሱ በከተማው ውስጥ አንድም በዓል አይደምቅም ብሎ ያምናል፤ ሲጠይቁትም ሳይጠይቁትም ይህንኑ ያወራል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንድ ልጁን ሉባባን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቃት። ከቤት ሳትወጣ እንድትሠራ ብሎም የልብስ ስፌት መኪና ገዛላት። እሷ ግን ከሙያ ትምህርት ቤት የተመረቀችው በኤሌክትሪክ ነበርና ልቧ ያለው ሽቦ ላይ ነው።

አንድ ሰኞ አሰን ቆዳ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ የስፌት መኪናዋ የለችም። በቦታዋ ቁመታቸው እስከ ወገብ የሚደርስ፣ አቧራ የጠጡ ሁለት የእንጨት ሣጥኖች ተገትረዋል።

«መኪናዋስ?»

«ልዋጭ ሲያልፍ ለወጥኳት፣ አባ።»

«በምን?»

«በእነዚህ። የድሮ ስፒከሮች ናቸው፤ ከተዘጋ ሆቴል የወጡ። እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ ከየት ይገኛል?»

አሰን የአንዱን የፊት ጨርቅ ገልጦ አየ። መሐል ላይ ያለው ሾጣጣ ወረቀት ደህና ነው። ወረቀቱን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው ስፖንጅ ግን ገና ጣቱ ሲነካው ዱቄት ሆኖ ረገፈ።

«ሰው በልዋጭ ድስት ያመጣል፤ ድስት ቢሆን እንኳ ወጥ ይሠራበታል! አንቺ ልብስ የሚሰፋ ሰጥተሽ ዲዳ ሣጥን ታመጪ?»

«ጠርዙ ከተሠራ ይናገራሉ። እትዬ የሺ ቅዳሜ መጥተው ሊሰሟቸው ነው። ከወደዷቸው ሻይ ቤታቸው ውስጥ ሙዚቃውን እኔ እይዛለሁ፤ ከኋላ ያለችውንም ክፍል ለጥገና ሥራ ይሰጡኛል።»

እትዬ የሺ የሰፈሩ አንጋፋ ባለ ሻይ ቤት ናቸው። ቃላቸው አይታጠፍም፤ ጆሯቸውም አይታለልም። አሰን ይህን ስለሚያውቅ ቁርጡን ተናገረ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ካልዘፈኑ፣ እሑድ ጓዝሽን ይዘሽ ኮምቦልቻ አጎትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ። እሱ ልብስ ስፌት ያስገባሻል።»

ሉባባ አልተከራከረችም። ፊቷን ወደ ሣጥኖቹ መለሰች፤ እንባዋን በእጇ ጀርባ ስትጠርግ ግን አያት። አሰን ለአፉ እንጂ ለሆዱ ጨካኝ አይደለም። በማግሥቱ ወፎች ሳይንጫጩ ተነሥቶ የስፒከሩን ጠርዝ ሲመረምር አገኘችው።

«ይሄማ የእኔ ሥራ ነው!» አለ ደስ ብሎት። «የሚፈልገው ቆዳ ነው!»

ካለው ሁሉ የለሰለሰውን የግልገል ቆዳ መርጦ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ፋቀው። መሐሉን ከፍቶ እንደ ቀለበት ቆረጠና የውስጡን ጠርዝ በወረቀቱ፣ የውጭውን በብረቱ ላይ በኮላ አጣበቀው። ሲያጣብቅም እጁ እንደለመደው ወጠረው።

«ላላ ይበል፣ አባ።»

«ላላ? ለቀባሪው አረዱት አሉ! ያልተወጠረ ቆዳ መቼ ተናግሮ ያውቃል?»

ሉባባ ደግማ ደጋግማ ብትነግረው አልሰማትም። አርባ ዓመት የሠራ እጅ ከሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ምክር አይቀበልም። ሐሙስ ሁለቱንም ጨርሶ በጣቱ መታ መታ አደረጋቸውና እንደ ከበሮ ሲመልሱለት በኩራት ሳቀ።

ቅዳሜ እትዬ የሺ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ሉባባ የድሮ አምባሰል ከፈተች። የወጣው ድምፅ ጉንፋን የያዘው ሰው በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚያንጎራጉር ይመስል ነበር።

«ልጄ» አሉ እትዬ የሺ፣ «ይቺን ዘፋኝ ጉሮሮዋን የያዛት ማን ነው?»

አሰን ወደ በሩ ዞረ። እዚያ የሉባባ ጓዝ ታስሮ ተቀምጧል፤ ሰኞ ዕለት በንዴት ያሰረውም እሱ ራሱ ነው። ሉባባ ግን አባቷን አላማረረችም። ስፒከሩን ከሣጥኑ ፈትታ አወጣችና ሁለት ሽቦና አንድ የባትሪ ድንጋይ አመጣች።

«አባ፣ ጣትህን ወረቀቱ ላይ አድርግ።»

አደረገ። ሽቦውን ከድንጋዩ ጋር ስታነካካው ከጣቱ ሥር አንድ ነገር ገፋ፤ ሊወጣ ሞከረና ቆዳው ያዘው። ደግማ አነካካችው፤ ደግሞ ገፋ፤ ደግሞ ተያዘ።

«እየታገለ ነው» አለ አሰን።

«ቆዳው ነው የያዘው። ከበሮን ሰው ከውጭ ይመታዋል፤ ይሄ ግን ከውስጡ ነው የሚነሣው። መሄጃና መመለሻ ካላገኘ ታፍኖ ይቀራል።»

አሰን ጣቱን ሳያነሣ ልጁን ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያም የታሰረውን ጓዝ አየ። አፈረ። ምላጩን አንሥቶ ያን የኮራበትን ቆዳ ዙሪያውን ቀደደው።

«ምን ያህል ላላ ልበል?» ብሎ ጠየቃት፤ ልጁን ስለ ቆዳ ሲጠይቅ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

«እጥፋት ይኑረው። እኔ ወረቀቱን እይዝልሃለሁ።»

ሁለቱንም እንደገና ሠሩ። እትዬ የሺ «ሳልሰማ አልነሣም» ብለው ኮላው እስኪደርቅ ድረስ ከሰዓቱን እዚያው ዋሉ። አሥር ሰዓት ገደማ ያው አምባሰል ተከፈተ። ዘፋኟ ቤት ውስጥ ያለች እስኪመስል ድረስ ድምፅዋ ከነትንፋሿ ወጣ። የጎረቤት ሴቶች በር ላይ ተሰበሰቡ፤ አንድ ባጃጅ ነጂም ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ። ሉባባ አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች፤ አሰንም ዓይኑን በቆዳ መወልወያው ጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ኮምቦልቻ ደወለ።

«ወንድሜ፣ ልጄን አትጠብቃት። እዚሁ ሥራ ይዛለች።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ በሩ ሄደና ራሱ ያሰረውን ጓዝ ቁጭ ብሎ ይፈታ ጀመር። ቋጠሮው ጠንክሮበት በጥርሱ ጭምር ሲታገል ያዩት እትዬ የሺ፣ የኋለኛዋን ክፍል ቁልፍ በሉባባ መዳፍ ላይ አስቀመጡና ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ፤ «አንተ አሰን» አሉት እየሳቁ፣ «የሚደለቀውን ወጥር፣ የሚዘፍነውን ልቀቅ።»