በሰም የታሸገው የሽመና ዕቃ

«አንድ ሸማኔ ነበረ፤ ሰው የማያምን» አሉ ጋሽ ወንድይራድ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። ዕድሜያቸውን ፕሮግራም መጻፍ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዳቦ እንኳ ሲገዙ ገልብጠው ካላዩት አይቀበሉም። ጥያቄ ይዛላቸው የመጣችው የቀድሞ ተማሪያቸው ሶስና ነበረች። የነፍሰ ጡር እናቶችን የቀጠሮ ቀን የሚያሰላ ሞጁል፣ ማለትም ትንሽ የፕሮግራም ቁራጭ ሠርታ፣ ከአጫጫን መመሪያ ጋር ጠቅልላ፣ ሩቅ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ልካ ነበር። እዚያ ሲጫን ግን አልሠራ አለ። «እኔ ኮምፒውተር ላይ እኮ ያለ እንከን ይሠራል፤ የጫነው ሰውዬ አንድ ፋይል አጥፍቶብኛል። ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካው እንዴት አድርጌ ነው የምጠቅልለው?» ነበር ጥያቄዋ።

ጋሽ ወንድይራድም እንዲህ ብለው ነገሯት።

ሸማኔው ጎበዝ ነበር። ሸማ በማይሠራበት ሩቅ አገር የሚኖር አንድ ሀብታም ዝናውን ሰምቶ፣ «አንተ የምትሠራበትን ዓይነት የሽመና ዕቃ አዘጋጅተህ ላክልኝ፤ ቤተሰቦቼ ይማሩበታል» ብሎ ላከበት። ሸማኔው እንጨቱን፣ ገመዱን፣ መወርወሪያውን፣ በእግር የሚረገጠውን መርገጫ አንድም ሳያስቀር አዘጋጀ። መጀመሪያ እቤቱ ተክሎ አንድ ሙሉ ነጠላ ሠራበት፤ እንከን አላገኘበትም። ከዚያ ፈታታውና የሚገጣጠሙትን ጫፎች በአንድ ዓይነት ቀለም ክር አሰራቸው፤ ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ፣ ሽመና አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ እንዲገጥመው። ይህ ሥራው ያስመሰግነዋል፤ እኔም አመሰግነዋለሁ።

ዕቃውን የሚያደርስለት አንድ ባለአህያ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ንብረት ሲያመላልስ የኖረ፣ ከስሙ በቀር ሌላ ሀብት የሌለው ሰው። ሸማኔው ግን የሰውየው ዓይን አላማረውም። ዕቃውን በቆዳ ጠቀለለ፣ ቆዳውን ሰፋ፣ ስፌቱን በሰም አሸገ። ይህም አልበቃው ብሎ ሰሙ ላይ የቀለበቱን ማኅተም አተመበት።

ዕቃው ደረሰ። ሀብታሙ ማኅተሙን አይቶ ከፈተው፤ ቀይን ከቀይ እያደረገ ገጠመው፤ አልሠራ አለ። «የጎደለ ነገር ሳይኖር አይቀርም» ብሎ ላከ። ሸማኔው ይህን ሲሰማ ምንም አልገረመውም። «እኔ ቤት ሠርቷል፤ እዚያ አልሠራም። በመካከል ያለው ባለአህያው ነው» አለ። ማኅተሙ ሳይነካ መድረሱን ሲነግሩት ደግሞ፣ «ሰም አቅልጦ መልሶ ማሸግ የሚችል ሌባ ነው ማለት ነዋ» አለ። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ የንጽሕና ማስረጃ ስታቀርቢለት የብልጠት ማስረጃ ያደርገዋል።

ወሬው ገበያ ገባ። ለባለአህያው ጭነት የሚሰጠው ሰው ጠፋ። የሚያውቃቸው ሰዎች በቀኝ እጃቸው እየጨበጡት በግራቸው ገንዘብ የቋጠሩበትን መቀነታቸውን ይዘው ይቆሙ ጀመር። ነገሩ ሲመረው ሸማኔው ደጅ ሄዶ፣ «አብረን እንሂድና ያጎደልኩትን በጣትህ አሳየኝ። ካሳየኸኝ የመጣውን ፍርድ እቀበላለሁ» አለው።

ሄዱ። ሸማኔው መንገዱን ሁሉ ከኋላ ከኋላ ነበር የሚሄደው፣ ዓይኑን ከባለአህያው እጅ ላለመንቀል። ስንቁንም ለብቻው በላ። እንደደረሱ ዕቃውን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ሞላ። እንደገና ቆጠረ፤ አሁንም ሞላ። «እኔ መምጣቴን ስታዩ መልሳችሁት ነው እንጂ» ብሎ የሀብታሙን ቤተሰብ ሁሉ ገረመማቸው። ከዚያ «እንግዲህ ሲሠራ ተመልከቱ» አለና ሊሸምን ተቀመጠ።

እግሩን ወደ ታች ሰደደ። እግሩ ድንጋይ ነካ።

የሀብታሙ ቤት ወለሉ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈ ነበር። ሸማኔ ደግሞ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ አውርዶ ነው መርገጫውን የሚረግጠው። የሸማኔውን ቤት ጉድጓድ የቆፈረው አባቱ ነበር። ልጁ እግሩን እዚያ ሲያወርድ ነው ያደገው፤ አንድ ቀን ግን ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም። ጥቅሉን ሲያዘጋጅ የቆጠረው ተነስቶ የሚጫነውን ሁሉ ነው፤ ጉድጓድ ማን ይቆጥራል? ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ እንደዚያው እንደተኮራመተ ብዙ ቆየ።

«ምንድን ነው የጎደለው?» አለው ባለአህያው።

«ጉድጓድ።»

«እሱን የት ደበቅሁት?»

ሸማኔው አገሩ ሲገባ ገበያ መሀል ቆሞ «በሐሰት ነው ያማሁት» ብሎ ጮኸ፤ ይህንንም አመሰግንለታለሁ። ነገር ግን ክሱን ለሁለት ሰው ብቻ ነግሮ አገር ያዳረሰው ሰውዬ፣ ይቅርታውን ቀኑን ሙሉ ቢጮኽ ከገበያው አላለፈለትም። ባለአህያውም ጓዙን ጭኖ ማንም እሱን ወደማያውቅበት አገር ሄደ።

ጋሽ ወንድይራድ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ወደ ሶስና ዞሩ።

«የሽመና ዕቃው ያንቺ ሞጁል ነው። ባለቀለሙ ክር የጻፍሽው የአጫጫን መመሪያ ነው፤ አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው። ሰሙ ደግሞ አሁን አስተምሩኝ የምትዪው እሽግ ነው። ሰም ዕቃውን ማንም እንዳልከፈተው ይናገራል እንጂ ሙሉ መሆኑን አይናገርም። ጉድጓዱ ያንቺው ኮምፒውተር ውስጥ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። አትጠራጠሪ አልልሽም፤ እኔም ካልተጠራጠርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ብቻ ከራስሽ ቤት ጀምሪ።»

ከጠረጴዛቸው ሥር አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አወጡ። «ባዶ ነው፤ እጅሽም ነክቶት አያውቅም። መመሪያሽ የሚለውን ብቻ እየተከተልሽ ጫኚበት።»

ሶስና ላፕቶፑን በጥርጣሬ አየችው። «በጣም ያረጀ ነው እኮ ጋሼ። አልሠራ ቢል የእሱ ጥፋት ሊሆን ይችላል።»

«ጀመረሽ» አሉ።

ጫነችበት። ሞጁሉ ገና ሲከፈት ቆመ። ስክሪኑ ላይ የወጣው መልእክት ቀንን ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ የሚለውጥ ሌላ ሞጁል ፈልጎ እንዳጣ ይናገራል። ያንን ሞጁል ከሁለት ዓመት በፊት ራሷ ኮምፒውተሯ ላይ ጭናው፣ ረስታው ነበር። የእሷ ሞጁል በየቀኑ ይጠራዋል፤ እሱም በየቀኑ አቤት ስለሚል መኖሩ ትዝ ብሏት አያውቅም። መመሪያው ላይ ስሙ አልተጻፈም፤ ጥቅሉም ውስጥ የለም።

«አፈርኩ» አለች ሶስና። «ሞጁሉን ለጫነው ሰውዬ አለቃ ጽፌበታለሁ። ሆን ብሎ ፋይል አጥፍቷል ብዬ።»

«ማን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ስሙን አላውቀውም። ‹ባለሙያችሁ› ነው ያልኩት።»

ጋሽ ወንድይራድ ላፕቶፑን ዘጉት።

«ሞጁሉን ማስተካከል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» አሉ። «ሞጁሉ የሚያስፈልገውን ሁሉ ዝርዝሩ ላይ ትጽፊያለሽ፤ ባዶ ኮምፒውተር ላይ ሳትጭኚ ደግሞ ሁለተኛ አትልኪም። እሱን ከሰዓት በኋላ ትደርሺበታለሽ።» ስልካቸውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «አሁን ጤና ጣቢያው ደውዪና የሰውየውን ስም ጠይቂ።»